ለማኔጅመንት ምን ይዤ ልግባ? (አምስት ዋርድ፣ አንድ ክሊኒካል ፋርማሲስት)

መስኮት 3 (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከ ዛሬ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

የምሠራው ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። ስሙ ይቅር። አምስት ዋርድ አለን፦ ሜዲካል፣ ሰርጂካል፣ ሕፃናት፣ ማዋለጃና ጽኑ ሕሙማን። ክሊኒካል ፋርማሲስት (ዋርድ ገብቶ የታካሚውን መድኃኒት ከሐኪሙ ጋር የሚከታተል) የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ብቻዬን። እሱም ጠዋት ብቻ። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜዲካል ዋርድ ራውንድ (የሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ ጉብኝት) እገባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወርጄ መስኮት 3 ላይ መድኃኒት አድላለሁ። ሰው ሲቀር፣ ሰው ስትወልድ፣ ሰው ስልጠና ሲሄድ ጠዋቱም ይሄዳል። ባለፈው ወር ራውንድ የገባሁት 9 ቀን ብቻ ነው።

የፊታችን ሐሙስ ማኔጅመንት ፊት 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የሐምሌው በጀት ሳይዘጋ ሦስት ሰው ይጨመርልን ልል ነው።

አምናም ገብቼ ነበር። 22 ስላይድ ሠርቼ። የፋርማሲዩቲካል ኬር ትርጉም አለ። የፋርማሲ ትምህርት በ2008 እ.ኤ.አ. ከ4 ወደ 5 ዓመት ከፍ ብሎ ወደ ታካሚው መዞሩ አለ። የጤና ሚኒስቴር የሆስፒታል መመሪያ ይህን አገልግሎት እንደሚጠይቅ አለ። አራተኛው ስላይድ ላይ አንዱ ስልኩን አንስቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሲያበቃ «እሺ፣ ይሄ አገልግሎት ለሆስፒታሉ ስንት ብር ያስገባል?» አለኝ። ዝም አልኩ። «አንቺ ከመስኮት ስትነሺ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ይደርሳል» ብሎ ጨመረ። እሱስ እውነቱን ነው።

የሚያበሳጨኝ ምን መሰላችሁ? ባለፈው ወር አልጋ 7 ላይ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላት ልጅ ተኝታ ነበር። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) ላይ ናት። ለሌላ ሕመም ሜትሮኒዳዞል የሚባል የኢንፌክሽን መድኃኒት ታዘዘላት። ሁለቱ ሲገናኙ ደም የማቅጠኑ ነገር ከልክ ያልፋል። ሐኪሙን አናገርኩት፣ ዋርፋሪኑ ተቀነሰ፣ በሦስተኛው ቀን አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካ ምርመራ) አሠራን፣ 3.4 መጣ። ለእሷ ቫልቭ የሚፈለገው ውስጥ ነው። በቃ። አልደማችም፣ ማንም አልጮኸም፣ ምንም አልተፈጠረም። ምንም ያልተፈጠረን ነገር ስላይድ ላይ እንዴት ነው የሚያስቀምጡት?

ገብቶ የተሳካለት ካለ ምን ይዞ እንደገባ ይንገረኝ።

---

ሽሮፕ

አትድከሚ። 5 ዓመት ተምረን ቦርሳ ውስጥ ኪኒን እንቆጥራለን። እኔ አሁን የግል ፋርማሲ ውስጥ ነኝ፣ ቢያንስ ደመወዙ ይሻላል። ያው ሐሙስ ገብተሽ «በጥናት እንመለስበታለን» ይሉሻል። ጥናቱን ግን ማንም አያጠናውም።

---

የድሮ ደብተር

እህቴ፣ ሽሮፕን አትስሚው። ወይም ስሚውና እለፊ፣ ከፊሉ እውነት ነው።

እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ተሳካ። የሦስቱን ልዩነት ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

የመጀመሪያው ያንቺው ነው፤ ትርጉምና መመሪያ። ለሁለተኛው ጎበዝ ሆኜ የውጭ ጥናት ይዤ ገባሁ። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመውን የቦስተኑን፤ ፋርማሲስት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ራውንድ ሲገባ መከላከል ይቻል የነበረው ከመድኃኒት ትእዛዝ ስህተት የሚመጣ ጉዳት በ1,000 የታካሚ ቀን ከ10.4 ወደ 3.5 የወረደበትን። 66 ከመቶ ቅናሽ! ስላይዱ ላይ በቀይ አስምሬበት ነበር። ሜዲካል ዳይሬክተሩ አየት አደረገና «ቆንጆ ነው። ቦስተን ግን እኛ ጋ አይደለም» አለ። ምን ትያለሽ? ቦስተን እኛ ጋ አይደለም።

ከዚያ ስላይዱን ጣልኩና ደብተር ገዛሁ። የምር ደብተር። ባለ 50 ሉክ። በማስመሪያ ዓምድ አሰመርኩበት፦ ቀን፣ አልጋ፣ ምን አየሁ፣ ለማን ነገርኩ፣ ተቀበለ ወይስ አልተቀበለም፣ ከዚያ ምን ሆነ። ያልተቀበሉኝንም እጽፋለሁ። ይሄን አደራ። ሁሉም «ተቀበለ» የሚል ደብተር ማንም አያምነውም። እኔ ራሴ የተሳሳትኩባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፣ እነሱንም ተውኳቸው። በየሳምንቱ ዓርብ ሲኒየሩ ሐኪም እንዲፈርምበት አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ዓርብ እየሳቀ ፈረመ። በሦስተኛው ዓርብ ማንበብ ጀመረ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ደብተሩን ስይዝ አንድ ያላሰብኩት ነገር ተፈጠረ። እኔም እንዳንቺ ግማሹን ጊዜ መስኮት ላይ ነበርኩ። የመስኮት ቀን ደብተሩ ባዶ ነው። ባዶ ቀኖቹን ዝም ብዬ እዘላቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ራውንድ ስገባ አንድ ሰውዬ አየሁ። እግሩ ላይ መጥፎ ኢንፌክሽን አለበት። ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ከፍ የሚለው የደም ምርመራ) ሲገባ 3.8 ነበር። ቫንኮማይሲን የሚባል የኢንፌክሽን መድኃኒት 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ታዟል። ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው የሚታዘዝ ነው። የመድኃኒቱን የደም መጠን የሚለካ ላብ የለንም፣ ስለዚህ ኩላሊቱን አስልቶ ዶዙን መቀነስና ማራራቅ ብቻ ነው ያለው መላ። ትእዛዙ የተጻፈው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ባልደረባዬ ለቅሶ ሄዶ። ሐሙስ ክሬቲኒኑ 6 አልፏል። መድኃኒቱ ቆመ፣ ሰውየው ለዲያሊስስ ሪፈር ተባለ። ቫንኮማይሲኑ ብቻ ነው እንዲህ ያደረገው አልልም። ሰውየው ሲመጣም በጣም ታሞ ነበር። ግን አምስት ዶዝ ወስዷል። ማክሰኞ ጠዋት ብገባ የሚወስደው አንድ ነበር።

ቫንኮማይሲኑን ግን እኔው ነኝ በመስኮት ያወጣሁት! ማክሰኞ ከሰዓት፣ በእጄ። ወረቀቱ ላይ ስምና ዶዝ አለ፤ ክሬቲኒን የለም። መስኮት ላይ ሆነሽ የምታዪው ይህን ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ስገባ ስላይድ አልያዝኩም። ሁለት ወረቀት ብቻ። አንዱ ላይ የወሩ ቀናት፣ ዋርድ የነበርኩባቸው በአረንጓዴ፣ መስኮት የነበርኩባቸው በቀይ። ሁለተኛው ላይ ከካርዶቹ ወደ ኋላ ተመልሼ ያወጣኋቸው ነገሮች፤ በቀይ ቀኖች ተጀምረው በአረንጓዴ ቀን የተገኙ። አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። የሰውየውን ስም አልጠራሁም፣ ያዘዘውን ሐኪምም አልጠራሁም። «መድኃኒቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ነው ያልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልክ ያነሳ አልነበረም።

ያንቺ የወሩ 9 ቀን፣ እሱ እኮ ነው ማስረጃሽ። የሠራሽውን ሳይሆን ያልገባሽባቸውን ቀኖች አሳያቸው።

ሌላ አንድ ነገር። ብር የሚያዩትም አሉና ከመርፌ ወደ ኪኒን መቀየርን ለብቻው ያዥው። ሜትሮኒዳዞል በአፍ ሲወሰድ ሙሉ በሙሉ ይገባል ማለት ይቻላል። የሚውጥና የማያስመልሰው ሰው በአምስተኛው ቀን ለምን በደም ሥር ይወስዳል? ዋጋውን ከኤፒቲኤስ (የፋርማሲው የመድኃኒት ግብይት መመዝገቢያ) ሪፖርታችሁ ታገኚዋለሽ። ካኑላውን፣ ሲሪንጁን፣ የነርሷንም ጊዜ ደምሪበት።

---

ሬዚደንት ነኝ አትፍረዱብኝ

ከሐኪም ወገን ልናገር። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ድሮ የነበርኩበት ሆስፒታል ፋርማሲስት ራውንድ አይገባም ነበር። እዚህ ስመጣ አንዷ መጣች። መጀመሪያ አልወደድኳትም፣ እውነቱን ነው። በታካሚው ፊት «ይሄ ዶዝ ትክክል አይደለም» አለችኝ። ያስታማሚው ዓይን ከእሷ ወደ እኔ ሲዞር ይታያችሁ። ትክክል ነበረች፤ እኔ ግን ያን ቀን ምንም አልተቀበልኳትም። በኋላ ራሷ ገባትና ከራውንድ በፊት ካርዶቹን አይታ ኮሪደር ላይ ትይዘኝ ጀመር። «አልጋ 12ን እንየው እስኪ» ትለኛለች። አሁን እሷ ከሌለች ራውንድ አልጀምርም እላለሁ፣ ሲኒየሮቹ ይስቁብኛል።

የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ቲቢ ወጣበት። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ተጀመረ። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ 50 ሚሊግራም እንደነበረ ቀጠለ። ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን መጠኑን ስለሚያወርደው በቀን ሁለቴ መሆን አለበት። አውቀዋለሁ እኮ! ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ያን ማታ ግን 11 ሰው ተቀብዬ ነበር። እሷ ናት ያየችው።

ሐሙስ አንድ ሐኪም ይዘሽ ግቢ። እሱ ሁለት ደቂቃ ቢናገር ያንቺን 15 ያህላል። ያስከፋል፣ ግን እንደዚያ ነው።

---

ማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ። ስለ ሐኪምና ስለ ፋርማሲስት ብቻ ታወራላችሁ። መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ሪንገር ላክቴት (ጉሉኮስ እንደሚባለው ያለ የደም ሥር ፈሳሽ) በያዘው መስመር ይሰጥ አይሰጥ ማንን ልጠይቅ? ፈሳሹ ካልሲየም ስላለው እንደማይሰጥ ያወቅሁት ፋርማሲስቷ ዋርዳችን ግድግዳ ላይ በማርከር ጽፋ ስለለጠፈች ነው። ወረቀቱ ቢላጥም እስከ ዛሬ አለ። እሱንም አስገቢው።

---

ጡረታ ወጥቻለሁ

የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፤ እንግዲህ ከወዲያኛው ወንበር ልናገር።

እህቴ፣ «ስንት ብር ያስገባል» ያለሽ ሰው ክፉ አይደለም። ሆስፒታሉ ከመንግሥት በጀት ሌላ በውስጥ ገቢ ነው የሚንቀሳቀሰው። አዲስ ሐኪም ሲመጣ ካርድ ይወጣል። አዲስ ማሽን ሲተከል ምርመራ ይኖራል። የእናንተ ሥራ ደግሞ አንዳንዴ መድኃኒት እንዳይሰጥ ማድረግ ነው። የፋርማሲውን ገቢ ትቀንሳላችሁ! በዚህ በኩል ከገባሽ ትሸነፊያለሽ። ስለዚህ «እናስገባለን» አትበይ። አልጋ በይ። ያ የእግር ኢንፌክሽን ያለበት ሰውዬ ስንት ቀን ተኛ? በዚያ አልጋ ማን ሊተኛ ይችል ነበር? ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ስትሬቸር ላይ ያደረ ሰው ካለ እሱ ነው መልስሽ። እኔ በየጠዋቱ ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ላይ የምሰማው ጩኸት «አልጋ የለም» የሚል ነበር። ስለ ዶዝ ማንም ጮኾብኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ሦስት ሰው አትጠይቂ። መደብ ማስፈቀድ የሥራ አስኪያጁ ሥልጣን ብቻ አይደለም። ሲቪል ሰርቪስ አለ፣ ጤና ቢሮ አለ። ሦስት ስትዪው በውስጡ ያንን ሁሉ ደብዳቤ ያስባል፣ «በጥናት እንመለስበታለን» የሚለው ያኔ ነው። በእጁ ያለውን ጠይቂው። በእጁ ያለው ፈረቃ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ስለ ሰልፉ ሳይጠይቅሽ መልሺለት። ሰልፉ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚረዝመው? ለአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ጭረት አድርጊ፤ በየሰዓቱ ስንት ማዘዣ እንደገባ። እኔ በነበርኩበት ቤት ጠዋት መስኮቱ ጭር ያለ ነበር። ተመላላሽ ታካሚው ገና ካርድ እያወጣ፣ ገና ሐኪም እየጠበቀ፣ ገና ላብ ውስጥ ነዋ። ፋርማሲ የሚደርሰው 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ራውንዱ ደግሞ በዚያው በጭሩ ሰዓት ነው። ዕድሜ ልካችንን ሰዉን በተሳሳተ ሰዓት አስቀምጠነው ኖረናል። እኔም ጭምር።

---

የድሮ ደብተር

ጋሼ፣ የሰዓቱን ነገር እቀበላለሁ። እንዲያውም ተናድጃለሁ፤ ለምን አላሰብኩትም!

በሦስቱ ሰው ግን አልስማማም። ፈረቃ ብቻ ከተጠየቀ ፈረቃ ብቻ ነው የሚገኘው። እኛ ጋ «ለጊዜው» የተባለው እስከ ዛሬ ለጊዜው ነው። ሦስቱን በደብዳቤ ትጠይቅ፣ ፈረቃውን በቃል።

---

ጡረታ ወጥቻለሁ

በደብዳቤና በቃል የሚለው ብልጠት ነው። ተመችቶኛል።

---

ከሚኒሶታ

አጭር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ሐኪሙ ቫንኮማይሲን ሲፈልግ «ፋርማሲ ዶዙን ያውጣ» ብሎ ያዛል፣ ቀሪው የኛ ነው። ሌቭሉን (የመድኃኒቱን የደም መጠን ምርመራ) እኛ እናዛለን፣ እኛ እንለውጣለን። ሰው ይሄን ሲሰማ እንደ ሰማይ ይርቅበታል። ግን ይሄም በአንድ ቀን አልመጣም። ፋርማሲስት ዋርድ መግባቱ ካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የአንድ ሆስፒታል አንድ ፎቅ ብቻ ነበር። ዘጠነኛው ፎቅ።

ደግሞ ታካሚዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ያለውን ሰዓት አትርሺው። ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስመጣ አባቴ መድኃኒቱን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፣ «እስኪ እይልኝ» ብሎ። ፌስታሉን አልጋው ላይ ገለበጥኩት። ሁለት የተለያየ ሳጥን፤ በአንዱ ላሲክስ፣ በሌላው ፍሮሰሚድ ይላል። ሁለቱም አንድ የሽንት ማስወጫ መድኃኒት ናቸው እኮ! አንዱን ከሆስፒታል ሲወጣ ሰጡት፣ አንዱን ከዚያ በፊት ይወስድ ነበር። ሁለቱንም በታማኝነት ይውጣል። ለሁለት ሳምንት «ሲነሳ ያዞረዋል» ሲሉኝ በስልክ «ውኃ ይጠጣ» እላቸው ነበር፣ እኔ ፋርማሲስቷ። ሲወጣ አንድ ሰው ፌስታሉን ገልብጦ ቢያይለት አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

---

መስኮት 3 (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጭረቱን ከዛሬ ጀመርኩ። መስኮት 1 ላይ ያለችው ልጅ ምን እየቆጠርሽ ነው ብላ ደብዳቤ ልጽፍባት መስሏት ነበር።

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ዛሬ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል በሦስቱ መስኮት የገባው ማዘዣ ተደምሮ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት ከገባው ያንሳል። አንድ ቀን ነው፣ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

---

መስኮት 3 (ጠያቂ)

ዓርብ ነው፣ ትናንት ገባሁ።

ሦስት ወረቀት ይዤ፦ የቀዩና የአረንጓዴው፣ የጭረቱ፣ የአልጋ 7 ልጅ ታሪክ። ስላይድ የለም። ሬዚደንት የለንም፤ ጠቅላላ ሐኪሙን ለምኜ ይዤው ገባሁ፣ ሁለት ደቂቃ ያልነው ስምንት ተናገረ። በመሃል እንዲያውም ከእኔ ጋር የተከራከረባቸውን ሁለት ጊዜ አነሳ፣ በአንዱ እሱ ነበር ልክ። ልቤ ዝቅ አለ። ግን ሥራ አስኪያጁ ያኔ ነው ቀና ብሎ ማዳመጥ የጀመረው።

ሰልፉን ሳያነሳ ጭረቱን ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው። «ይሄን የቆጠረው ማነው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። «መቼ?» እያደልኩ አልኩት።

ሦስቱ ሰው አልተፈቀደም። ደብዳቤው ገብቷል፣ «ለጤና ቢሮ እንልካለን» ተብሏል፣ ሽሮፕ እንዳትስቅ። የተፈቀደው ይሄ ነው፦ መስኮት 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ዝግ ይሆናል። በየቀኑ፣ ሰው ቢቀርም ባይቀርም፣ በደብዳቤ። እኔ ሜዲካልና ጽኑ ሕሙማን፣ መስኮት 1 ያለችው ልጅ ደግሞ ሕፃናት ዋርድ። ለሦስት ወር። ከዚያ ደብተሩን አምጡ ተባልን።

ስወጣ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ያቺ አልጋ 7 ያልሻት ልጅ አሁን እንዴት ናት?» አለኝ። ማክሰኞ ለአይኤንአር መጥታ ነበር፤ ደህና ናት አልኩት።

ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ዋርድ ነኝ። ዛሬ ደብተር ልገዛ ነው።

---

የድሮ ደብተር

ባለ 50 ሉኩን እንዳትገዢ። በወር ያልቃል።